እንጨት በእንፋሎት ለሚያጎብጡ ሊቃውንት

የእንፋሎት ሣጥን ለመሥራት ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ማየት አያስፈልግም። መጀመሪያውን ካዩ የቀረውን እርስዎ ያውቁታል። አናጺም እንዳይጠይቁ፤ ክብርዎ ይነካል።

ለሣጥኑ የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ ይግዙ። እንፋሎቱ ሲገባበት ይልማል፣ መሐሉ ይረግባል፤ እንጨቱ ግን ቀጥ እንዳለ ነው። ቢያንስ አንድ ነገር ጎብጧልና ሥራው ከሸፈ አይባልም።

ቀጥሎ ማሸግ ነው። እንፋሎት ገንዘብ ነውና አይባክን፤ በሩን በጎማ፣ ጠርዙን በሲሊኮን፣ የተረፈውን ቀዳዳ በጨርቅ ግጥም አድርገው ይድፈኑ። ሣጥኑን ዘንበል አድርገው ከታች ውኃ መውረጃ፣ ከላይ መተንፈሻ የሚያበጁ ሰዎች ፈሪዎች ናቸው። የማፍያው ክዳንም እንዳይነሣ በሽቦ ይታሰር። ኧረ አንተ ሰው! ይኼ እኮ ይፈነዳል! ልጆች በሚሯሯጡበት ግቢ? ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ ብትተው ምን ይጎድልብሃል?

ይቅርታ። ወደ እንጨቱ እንለፍ።

በምድጃ ክው ብሎ የደረቀ፣ ጉጥ የበዛበት ይምረጡ። ጥላ ሥር በአየር የደረቀ፣ ቃጫው ቀጥ ያለ እንጨት እሺ ብሎ ስለሚጎብጥ ወሬ አይሆንም።

አናጺዎች ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ይሰጣሉ። ይህ ውኃው 100 ዲግሪ ላይ ለሚፈላለት ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ገና 92 ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል፤ ቢሆንም ጊዜ መጨመር የሰነፍ ነው። ይልቅ በየአምስት ደቂቃው በሩን ከፍተው እንደ ወጥ ቅመስ ቅመስ ያድርጉት።

ሞርሳ የሚፈለገው ትኩሱ እንጨት ከሣጥኑ ከወጣ በኋላ ነው። ሳይቀዘቅዝ ለማጉበጥ ያለዎት ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ ጎረቤት አንኳኩቶ፣ ደኅና ዋላችሁ ተባብሎ፣ ቡና ጠጥቶ ለመበደር ይበቃል። የተበደሩትን አለመመለስም የሙያው ወግ ነው። በፋሲካ የወሰድካቸው ሞርሳዎቼ የት ናቸው? ኮላ እንደደረቀባቸውም ቢሆን አምጣቸው፣ እኔ እፍቀዋለሁ!

ብቻ፣ ማጉበጫ ቅርጹንም አስቀድመው አይሥሩ። የመኪና ጎማ ምን አለበት?

ሚሐኤል ቶኔት፣ እ.ኤ.አ. በ1859 የወጣው የታወቀው 14 ቁጥር ወንበር ባለቤት፣ እንጨቱን ሲያጎብጥ በውጭ በኩል የብረት ላሜራ ያስርበት ነበር፤ እንጨት በእንፋሎት ሲለሰልስ መጨመቅ ይችላል፣ መለጠጥ ግን እምብዛም አይወድም። እርስዎ ጉልበት እያለዎት ላሜራ ምን ያደርግልዎታል? ጉልበትዎ ላይ አጋድመው ይጫኑት። ቋ ካለ ጥፋቱ የእንጨት ሻጩ ነው፤ ስባሪውን ይዘው ሱቁ ድረስ ሄደው ይጨቃጨቁት፣ ከዚያው ከደረቁ ክምር ሌላ መርጠው ይመለሱ።