ካሶኒና ይሉኝታ፤ ስለ ፒካፕ መጠን በምዕራብ ጎጃም የተደረገ ጥናት

በአሜሪካ ፒካፕ ሊገዛ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያብሰለስለው መካከለኛውን ልግዛ ወይስ ሙሉውን የሚለውን ነው። እዚያ በጉዳዩ ላይ ብዙ ቀለም ፈስሷል። በምዕራብ ጎጃም ግን እስከ ዛሬ ምሁር አልነካውም፤ ፒካፕ ያለው ሰው ለምርምር ፋታ የለውም፣ የሌለው ደግሞ ላለው ሰው ስልክ እየደወለ ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት ቀርቧል።

እንደ ወጉ ከብያኔ እንነሣ። ከመካከለኛው ጎራ እኛ የምናውቀው ቶዮታ ሂሉክስን ነው። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመረታል፤ የቅርቡ ደብል ጋቢና 5 ሜትር ከ30 ያህል ይረዝማል። የሙሉው ጎራ አውራ ፎርድ ኤፍ-150 ነው፤ አራት በር ያለው ወደ 5 ሜትር ከ90 ይጠጋል፣ ወርዱ መስታወቱ ሳይቆጠር 2 ሜትር ያልፋል። ይህን ይዞ ከፍኖተ ሰላም አስፋልት ወደ ውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን የታጠፈ ሰው ከፊቱ ጋሪ ቢመጣበት ወይ ፈረሱ ወይ ፎርዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት፤ ፈረስ ደግሞ ወደ ኋላ መሄድ አይወድም። ለናሙና የሚሆን ኤፍ-150 በዚህ መንገድ ላይ ስላልተገኘ ጥናቱ በአገር ውስጥ አቻው ለመቀጠል ተገዷል። በእኛ ዘንድ የሙሉ መጠንን ማዕረግ የያዘው አይሱዙ ነው፤ ታናሹ ኤንፒአር፣ ታላቁ ኤፍኤስአር። በነገራችን ላይ ሕዝቡ ምደባውን ከምሁራን ቀድሞ ጨርሶታል፤ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር፣ አይሱዙን አልቃይዳ ብሎ ሰይሟል። ፒካፕ ግን እንዲሁ ፒካፕ ነው። የሚያስፈራ ስም አልወጣለትም፤ እንደ ዘመድ ይቆጠራል፣ እንደ ዘመድም ይታዘዛል።

የአሜሪካው ፒካፕ እንዴት እንዲህ እንደገዘፈ የመረመረ ሰው መጨረሻው ዶሮ ላይ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ምዕራብ ጀርመንና ፈረንሳይ በርካሹ የአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ጣሉ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በአጸፋው በድንች ስታርች፣ በብራንዲና በቀላል የጭነት መኪና ላይ ቀረጥ መለሱላቸው። የስታርቹም የብራንዲውም ነገር ቆይቶ ቀረ፤ የጭነት መኪናው 25 በመቶ ግን ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ከውጭ የሚገባ ፒካፕ ስለተወደደ የአገሬው ፋብሪካ ያለ ብዙ ተፎካካሪ ትልቁን እያሳደገ ሄደ። ሂሉክስም ቢሆን በዚያ አገር ስሙን ይዞ አልዘለቀም፤ በ1995 እ.ኤ.አ. ቦታውን የወሰደው ታኮማ ለብዙ ዓመታት እዚያው አሜሪካ ይገጣጠም ነበር። በእኛ በኩል ዶሮ በፒካፕ መጠን ላይ ያሳደረችው ተጽዕኖ አልተገኘም። እግሯን ታስራ ከጋቢናው ወንበር ሥር ትገባለች፤ ቦታ አትፈጅም።

ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። ሙሉ መጠን ሲባል ገዢው ብዙ ይጭናል ብሎ ያስባል። አራት በር ካለው ኤፍ-150 ኋላ በብዛት የሚገጠመው አጭሩ ካሶኒ ግን 1 ሜትር ከ70 ነው። የሲንግል ጋቢና ሂሉክስ ካሶኒ ወደ 2 ሜትር ከ30 ይደርሳል። ስለዚህ «ሙሉው» ላይ የተጫነ አልጋ እግሩ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፣ «መካከለኛው» ላይ ግን ከነፍራሹ ይተኛል። ከዚህ የሚከተለው ሕግ ይወጣል፤ ጋቢና በሰፋ ቁጥር ካሶኒ ያጥራል፣ ካሶኒ ባጠረ ቁጥር ባለመኪናው ይከበራል።

ለዚህ ሕግ ማረጋገጫ የመሥሪያ ቤት ደብል ጋቢና ይበቃል። ወደ ቀበሌ ሲወጣ ካሶኒው ላይ የሚታየው አንድ ተጨማሪ ጎማ፣ አንድ ባዶ ጀሪካንና ካለፈው ስብሰባ የተረፈ ባነር ነው። ውስጡ አምስት ሰው አለ፤ ለመስክ የሚሆን ጫማ ያደረገው ሹፌሩ ብቻ ነው። ሲመለስ ሁኔታው ይለወጣል። ከሰል ይኖራል፣ ማንጎ ይኖራል፣ በዓል ከተቃረበ ደግሞ ከባነሩ ሥር የተጋደመ በግ ይኖራል። ስለ በጉ የተጠየቀ ሹፌር «የኔ አይደለም» ይላል። የማን እንደሆነ ግን አይናገርም፤ አጥኚውም ለጥናቱ ደኅንነት ሲል አልገፋበትም።

የባለ ሲንግል ጋቢናው ነገር ሌላ ነው። በበርበሬ ወቅት ከሽንዲ ወደ ቡሬ የሚመጣውን እንመልከት። ደረቅ በርበሬ ቀላል ነው፤ ካሶኒውን የሚጨርሰው በክብደት ሳይሆን በከፍታ ነው። ጆንያው ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ይቆለላል፣ በገመድ ይጠፈራል፣ ከዚያ ሰው ይወጣበታል። በደረቅ በርበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ገና መንገዱ ሳይጋመስ ማስነጠስ ይጀምራል፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ለማለት አፉን ሲከፍት እሱም ያስነጥሳል፣ ቡሬ እስኪገባ ድረስ ካሶኒው ላይ ወግ የሚባል ነገር የለም። በቆሎ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ፋብሪካው ለሲንግል ጋቢና የፈቀደው አንድ ቶን ያህል፣ ማለትም አሥር ኩንታል ነው። አሥር ኩንታል በቆሎ ካሶኒው ላይ ሲያዩት ግን ያሳፍራል፤ ግማሹ ባዶ ይመስላል። ባዶ ቦታ እያየ ሞተር የሚያስነሣ ሰው በገበያው መካከል አልተገኘም።

ትርፉን ጭነት ለመቻል አካባቢው የራሱን ሳይንስ አበጅቷል፤ ባሌስትራ ማስጨመር ይባላል። ሥራው ጋራዥ በር ላይ፣ ሁለት ሰው መኪናው ሥር ተጋድሞ፣ ሦስተኛው ቆሞ እያዘዘ ይጠናቀቃል። ከዚያ በኋላ ሂሉክሱ ባዶውን ሲሄድ እንደ ፍየል ይዘላል፣ ሲጫን ግን ቀጥ ይላል። ጃፓኖቹ መካከለኛ አድርገው የላኩትን ሙሉ የማድረግ ጥበብ ይኸው ነው። በእርግጥ ፍሬኑና ጎማው የድሮዎቹ ናቸው፤ ይህ ነጥብ ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ወንዝ በሚወርደው መንገድ ላይ ብቻ ይታወሳል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ቁጥር አያከብሩም። ኤፍ-150ን እስከ ዛሬ «ግማሽ ቶን» ይሉታል፤ ከግማሽ ቶን በላይ መጫን ከጀመረ ግን ብዙ ዘመን ሆኖታል።

በመስኩ ከታዩት ክስተቶች ሁሉ አስደናቂው የኬላው ነው። በጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን በሕግ ክልክል መሆኑ ይታወቃል። ፒካፑ ኬላ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይቆማል፣ ከጆንያው ላይ ሰዎች ይወርዳሉ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው እንደ መንገደኛ በእግራቸው ያዘግማሉ። መኪናዋ ንጹሕ ሆና ታልፋለች። ከታጠፈው መንገድ ወዲያ ቆማ ትጠብቃቸዋለች። ስለዚህ ያው አንድ መኪና ከኬላው በፊት ሙሉ፣ ኬላው ላይ መካከለኛ፣ ካለፈ በኋላ እንደገና ሙሉ ነው። የውጭ አገር ምሁራን የመኪናን መጠን ቋሚ ነገር አድርገው መያዛቸው ኬላ ካለማወቅ የመጣ ይመስለኛል።

«ስንት ኩንታል ትጭናለህ?» የሚለው የጥናቱ ዋና መጠይቅ አልሠራም። ደብተር ይዞ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ወይ ከገቢዎች ነው ወይ ከትራፊክ። ሁሉም «እንደ መንገዱ ነው» ብለው መልሰዋል። ይሁንና ደብተሩ ሲታጠፍ ትክክለኛው መለኪያ ወጣ፤ የጭነቱን ልክ የሚወስነው ፋብሪካውም መንገዱም አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። አክስት ትደውላለች።

«ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? መኪናይቱስ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት እትዬ፣ እግዜር ይመስገን።»

«ቅዳሜ ወዲህ ብቅ ትላለህ?»

«ምነው፣ በደኅና?»

«ኧረ ምንም የለ፤ አንዲት ነገር ነበረች።»

«አንዲት ነገር» በዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት ያልተመዘገበ የጭነት አሃድ ነው። ትንሿ «አንዲት ነገር» ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ቁም ሣጥን ናት። ትልቋ የእድር ድንኳን ከነምሰሶው፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ የጠላው በርሜልና በርሜሉ እንዳይገለበጥ አቅፈውት የሚቀመጡ ሦስት ጎረምሶች ናት። ክፍያውም የታወቀ ነው፤ «ነዳጁን እንችላለን» ይባላል፣ ከዚያ ጠላ ይቀዳል፣ ሲወጣ የበቆሎ እሸት ይታሰርለታል፣ የነዳጁ ነገር አይነሣም። በዚህ ላይ አቤቱታ ያቀረበ ባለ ፒካፕ አልተገኘም። ሌሊት በቃሬዛ መንገድ ዳር ድረስ የመጣ ሕመምተኛን ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያደረሰም ያው ፒካፕ ነው፤ ስለዚያኛው ጭነት ማንም ሲያጉረመርም አልተሰማም፣ አጥኚውም ቀልዱን እዚህ ላይ ያቆማል።

አንዳንዶች ከይሉኝታ ለማምለጥ ደብል ጋቢና ይገዛሉ። ካሶኒው አጭር ነው፣ «አልቻልሁም፣ ቦታ የለም» ለማለት ያመቻል ብለው ነው። ስሌቱ ስሕተት አለበት። ባለ አራት በር መኪና ያለው ሰው ለሽምግልና ይፈለጋል። ሽማግሌዎቹ ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ ጋቢና ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ ካሶኒው ለዕቃ ቢያጥርም ለሚዜዎች አያጥርም። ሠርጉ ሲቆረጥ ሙሽሮቹም በዚያው ይመጣሉ። በሌላ አነጋገር ደብል ጋቢናው ከጭነት ቢያስጥል ከጋብቻ አያስጥልም።

የመንግሥት ፖሊሲን በአጭሩ እንለፈው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ታክሱን አከበደ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሂሉክስ ያለው ሰው መኪናውን እንደ ርስት ያያታል። ሽጥልኝ ሲሉት ይቆጣል፣ አውሰኝ ሲሉት ግን ያው አክስቱ ናቸው።

የጥናቱ ውሳኔ የሚከተለው ነው። ዘመዶቹ ዕቃ የሚበዛባቸው ሰው ደብል ጋቢና ይግዛ፤ ዘመዶቹ ራሳቸው የሚበዙበት ሰው ሲንግል ጋቢና ይሻለዋል፣ ሁለትና ሦስት ሰው ሲቀመጥ ጋቢናው ሞላ ብሎ መማል ይችላልና። ሁለቱም የሚበዙበት ሰው፣ ማለትም አብዛኛው የጎጃም ሰው፣ አይሱዙ ገዝቶ ታሪፍ ያስከፍል። ኤፍ-150 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል አንባቢ ቢኖር ግን ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ቡሬ ይሂድና፣ ከነቀምት መገንጠያው አጠገብ ያገኘውን ጎሚስታ የዚያን መኪና ጎማ ቁጥር ጽፎ ያሳየው። ጎሚስታው ከሳቀ ሂሉክስ ይግዛ።