የመንገዱ ጊዜ አይታሰብም

«ለሌላ ቀጠሮ» ሲባል ስሰማ ወገቤን ያመኛል። ከጉባ ተነስቼ ችሎቱ ደጃፍ እስክደርስ ሚኒባስ ውስጥ ታጥፎ የከረመው ወገቤ ነው ቀድሞ የሚሰማው። የእህቴ ባል ከታሰረ ወዲህ ስንቅ የምታቀብለው እህቴ፣ ወረቀት የማመላልሰው እኔ ነኝ። የችሎቱን ስም አልጠራም። የትም ደጅ የሚጠና ሰው ይህን ቢያነብ «የኛው ነው» ማለቱ አይቀርም።

መጀመሪያ ያስገባነው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ነበር። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 177 ላይ አለ፤ በሩ ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ በቃሉ ነው የሚያወርደው። ማን እንደያዘው፣ የት እንደተያዘ፣ እንዴት እንደተያዘ በቃለ መሐላ ይሰፍራል። ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ይምልለታል። ማለፊያ ሕግ ነው። ግን ማን እንደያዘው ስትጠይቅ አንዱ ቢሮ «እኛ ዘንድ የለም፣ እነሱን ጠይቁ» ይላል፤ እነሱ ደግሞ መልሰው ወደ መጀመሪያው ይሰዱሃል። ታዲያ ተጠሪ ብለህ ማንን ትጽፋለህ? ገምተን ጻፍን። ተጠሪው በአንድ ገጽ መልሱ «ሰውየው በእጃችን የለም፣ ጉዳዩ አይመለከተንም» አለ።

በዚያው ሳምንት እህቴ ስንቅ አስገብታ ነበር። ምሳ ዕቃው ማምሻውን ባዶውን ተመለሰ፤ ጠርዙ ላይ ሽሮ ደርቆበት፣ ክዳኑ ውስጥ የእንጀራ ቁራሽ ተጣብቆ። ወረቀቱ ሰውየው የለም ይላል፤ ሽሮው ግን ተበልቷል። ምሳ ዕቃውን በሰነድ ማስረጃነት እናያይዘው ስል ራፖር ጸሐፊው አልሳቀም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከሥሩ ግን ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚጠይቀው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይታሰብም የምትል ነገር አለች። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም የአካባቢውንና የመገናኛውን ሁኔታ ታሳቢ ያደርጋል። ለከተሜ ትንሽ ሐረግ ናት፤ እኛ ዘንድ ግን እንደ ላስቲክ ትለጠጣለች። ከኛዋ ማንኩሽ በማምቡክ አድርጎ ግልገል በለስ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ነው፤ ነዳጅ የለም፤ እጀባ እየተጠበቀ ነው። ይግባኝ ካልክ ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሶሳ ነው፣ አሶሳ ከዓባይ ማዶ። ለአሳሪው መንገዱ ከሰዓቱ ላይ ይቀነስለታል። እኔ አልጋ የያዝኩባቸው ሌሊቶች፣ ያልተማሩ ተማሪዎቼ፣ ለመኪና የተበደርኩት ብር ከምን ላይ ይቀነስ?

ሁለተኛው መዝገብ የተከፈተው በጉብኝት ምክንያት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ለታሰረ ሰው የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ የሃይማኖት አማካሪው፣ ሐኪሙና የሕግ አማካሪው እንዲጎበኙት መብት ይሰጣል። እህቴ ስንቅ እያቀበለች ስድስት ሳምንት ፊቱን አላየችም። ስለዚህ ክስ ጻፍን፤ መብቱ ይከበር፣ ለደረሰበትም ካሣ ይከፈል ብለን። ራፖር ጸሐፊው «የካሣ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ይዘጋል፣ ፍጠኑ» ብሎ ሲያጣድፈን ሰነበተ። እኛ ተጣደፍን። ከኛ በቀር የተጣደፈ አላየሁም።

ለዳኝነቱ የምንከፍለው ስላልነበረን በደሀ ደንብ ይታይልን አልን። ድህነትም በማስረጃ ነው፤ ከቀበሌ ደብዳቤ፣ ከዚያ ግልባጭ፣ የግልባጩም ግልባጭ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስገባ መብራት ጠፍቷል። ልጁ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ጉባ አልኩት፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚባለው ግድብ ያለበት አገር። «ታዲያ ትንሽ ይዘህልን አትመጣም ነበር?» አለኝ። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ድሀ መሆኔን በስድስት ቅጂ አሳተምኩ።

ከዚያ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ መጣ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 244 ነው፤ ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ መዝገቡን በር ላይ የሚያስቀር። መቃወሚያ መኖሩን አልጠላም፤ ያለ ቦታው የመጣ ክስ መመለስ አለበት። ሦስቱን አንድ ላይ ሳያቸው ግን ተናደድኩ። አንደኛ፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም። ሁለተኛ፣ መከሰስ ያለበት ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ሦስተኛ፣ ይኸው ጉዳይ በሌላ መዝገብ በክርክር ላይ ይገኛል። ሌላው መዝገብ የቱ ነው ብዬ ብፈልግ የራሳችን የመጀመሪያው አቤቱታ ሆኖ ተገኘ! እዚያ «አይመለከተንም» ያለው ቢሮ እዚህ «እዚያ እየተከራከርን ነው» አለ። ሁለቱ መልሶች ላይ ያለው ማኅተም አንድ ነው፣ ፊርማውም አንድ። በመቃወሚያው ላይ አስተያየት እንድንሰጥ ተቀጠረ፤ ሰጠን፤ ለብይን ተቀጠረ፤ መዝገቡ ተመርምሮ ባለማለቁ እንደገና ተቀጠረ። እስካሁን እህቴ ባሏን ትይ ወይስ አትይ ብሎ የጠየቀ ዳኛ የለም።

አግዳሚው ላይ የተዋወቅኳቸው አንድ የጉሙዝ አባት ከኔ ይብሳሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሚሰሙት ጉሙዝኛ ብቻ ነው። አስተርጓሚ አልመጣም ተብሎ ተቀጠረባቸው። መቀጠሩን የሚነግራቸው ሰው ስላልነበረ እስከ ማታ ቁጭ አሉ። በኋላ ጥበቃው በእጁ ምልክት ሸኛቸው።

ተፈታ ቢባልስ? በ1993 የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ ሲለቋቸው፣ ሰውየው ቤታቸው ሳይደርሱ ነው ተመልሰው የተያዙት። ወዲያው በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል አዋጅ ወጣ። ሚኒስትር የነበረ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ የእህቴ ባልማ በሬ ነጋዴ ነው።

ባለፈው ሳምንት መዝገብ ቤት መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ የቀጠሮ ወረቀት ተቀበልኩ። ጥር 11 ይላል።

«ጥምቀት ነው እኮ።»

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየች፤ ካላንደሩ የአምናው ነው። 11ን በእስክሪብቶ ሰርዛ 12 አደረገችልኝ። ቃና ዘገሊላ መሆኑን ልነግራት ብዬ ተውኩት፤ 12 ቀን ቢሮ አይዘጋም። ግን 12 ጠዋት ለመድረስ 11 ቀን መንገድ ላይ መሆን አለብኝ። ታቦት በወጣበት ቀን ደግሞ ከማንኩሽ የሚነሳ መኪና ከየት ይገኛል? በ10 መነሳት ነው እንግዲህ፤ ሁለት ሌሊት አልጋ።

ከበሩ ሳልወጣ እህቴ ደወለች።

«ምን አሉ?»

«ጥር 12።»

«በየትኛው መዝገብ?»

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ቁጥር አልተጻፈበትም። ዞር ስል መስኮቱ ተዘግቷል፤ የምሳ ሰዓት ሆኗል።