ዘመነ ዮሐንስን የማያውቅ ስልክ

ኅዳር 2 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ገና ጎሕ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። «የነአኩቶ ለአብ ዓመታዊ በዓል!» ይላል። ተነሥቼ ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ። ከላሊበላ ከተማ የነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ በአውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ። መንገዱ ላይ ሰው የሚባል የለም። የወትሮው የበዓል ጎርፍ የት ገባ አላልኩም፤ «ዘንድሮ ሁሉም ተኝቶ እኔ ቀደምኩ» ብዬ ኮራሁ እንጂ።

ዋሻው ዘንድ ስደርስ የሚሰማው ከጣሪያው ጠብ፣ ጠብ እያለ ድንጋይ ገንዳው ውስጥ የሚወርደው ጠበል ብቻ ነው። አንድ አባ መጥረጊያ ይዘው ብቅ አሉና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምን እግር ጣለህ ልጄ?»

«በዓሉ ነው ብዬ ነዋ አባ!»

«በዓሉማ ነገ ነው፤ ኅዳር 3። ግድ የለም፣ እንኳን ለዋዜማው አደረሰህ» አሉና መጥረጊያውን አስጨበጡኝ።

ቅጥሩን ሙሉ ጠረግሁ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ጉግል ካላንደር ላይ በዓሉን በፈረንጅ ኖቬምበር 12 ብዬ መዝግቤ፣ «በየዓመቱ አስታውሰኝ» ብዬዋለሁ። ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነች ጊዜ ሁሉ ልክ ነው። 2011 ግን ዘመነ ሉቃስ ነበረና ጳጉሜን ስድስት ሆነች፤ 2012 ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ የኛ ቀን ከፈረንጁ በአንድ ተገፋ። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 ላይ እስኪደርሱብን ድረስ ስልኬ አንድ ቀን እየቀደመ ሲያስጠርገኝ ሊከርም ነው ማለት ነው።

ሥራዬ ማስጎብኘት ነው። ያስጎብኚ ኑሮ በቀጠሮ የተንጠለጠለ ነው፤ እንግዳ ከአውሮፕላን መቀበል፣ ለአሸተን ማርያም አቀበት በቅሎ ማስጫን፣ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ መኪና መፈለግ። እኔ ደግሞ ስፈጠር ዝንጉ ነኝ። ስለዚህ ሰውን ሥርዓት ያስይዛል የተባለ መተግበሪያ ሁሉ ስልኬ ላይ ተጭኗል።

መጀመሪያ የወደድኩት ትሬሎን ነበር። ሥራህን በካርድ ትጽፍና በሦስት መደብ ትደረድራለህ፦ የሚሠራ፣ እየተሠራ ያለ፣ ተሠርቶ ያለቀ። ግሩም ነገር ነው። ለበቅሎ አረንጓዴ፣ ለሆቴል ሰማያዊ፣ ለብድር ቀይ ቀለም መረጥኩለት። ቀለም ስመርጥ መሸ። ማታ ላይ «ተሠርቶ ያለቀ» በሚለው ሥር የተቀመጠችው አንዲት ካርድ ብቻ ነበረች፤ እሷም «ትሬሎ መጫን» የምትል ናት።

ቀጥሎ ጉግል ሺትስ መጣ። በዚህኛው የእማዬን ብድርና ውለታ ላደራጅላት ቆርጬ ተነሣሁ። እማዬ ካላንደር የላትም፤ ለእሷ ቀኑ ሁሉ ባለ ስም ነው። የእንቁላሏን ዋጋ ለሚካኤል፣ የዕቁቧን ለሥላሴ፣ የጤፉን ደግሞ በጊዮርጊስ ማግሥት ትላለች፤ አንዱንም ስታዛንፍ አይቻት አላውቅም። እኔ ስም በስም ሞላሁና ሠንጠረዡን «በቅደም ተከተል አድርገው» ብዬ ነካሁት። በፊደል ተራ ደረደራቸዋ! መ ከሠ ስለሚቀድም በ12 የሚውለው ሚካኤል በ7 ከሚውለው ከሥላሴ በላይ ተቀመጠ። ሳነብላት እማዬ ሦስት ጊዜ አማተበች።

«ማነው እንዲህ ያለው?»

«ኮምፒውተሩ ነው እማዬ።»

«ንስሐ አባት የለውም?»

ሠንጠረዡ በዚያው ተዘጋ።

የሰዓቱ ጉድ ደግሞ የባሰ ነው። አንዲት እንግዳ ነአኩቶ ለአብን በማለዳ ላያት ብላ በዋትሳፕ «7፡00» ብላ ጻፈችልኝ። እኔም ያንኑ ቁጥር ለባጃጅ ነጂው በቴሌግራም አስተላለፍኩ። ስድስት እንቀንስ የሚል የለ፣ ጠዋት ይሁን ማታ የሚል የለ! እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሆቴሉ በር ቆሜያለሁ፣ እንግዳዋም ቆማለች፣ ባጃጅ ግን የለም፤ የነጂውም ስልክ ዝግ ነው። በመጨረሻ ሌላ ባጃጅ ለምኜ ወሰድኳት፣ አስጎበኘኋት፣ መለስኳት፣ ምሳም በላን። ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ልጁ ታጥቦ፣ ባጃጁንም አጥቦ፣ ጥሩምባውን እየነፋ መጣ። «ጋሼ፣ አንዲት ደቂቃ እንኳ አላሳለፍኩም!» ምን ትለዋለህ? ልክ ነው እኮ። ሒሳቡን በቴሌብር ላክሁለት።

ቴሌብርን ካነሣሁ አይቀር፣ ግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ እኔን የጠቀመኝ ገንዘብ በማስተላለፉ ብቻ አይደለም፤ የቀን መዋያዬ መዝገብ ሆኖልኛል። ማታ የት እንደዋልኩ ሲጠፋኝ የመጡልኝን መልእክቶች ከላይ ወደ ታች አነባለሁ። እዚህ 40 ብር፣ እዚያ 150 ብር... አሃ፣ ለካ ቅዳሜ ገበያ ወርጃለሁ!

ከሁሉ ጸንቶ የቀረልኝ ግን ቴሌግራም ውስጥ ያለው ሴቭድ ሜሴጅ ነው። ለራስህ ደብዳቤ የምትጽፍበት ሣጥን በለው። ቀለም አይመረጥበት፣ መደብ የለው፤ እንደመጣልህ ትወረውርበታለህ። «ሽንኩርት 2 ኪሎ።» «የበቅሎ ቀሪ ሒሳብ።» የእንግዳ ፓስፖርት ፎቶ። የጓደኛዬ ሠርግ ጥሪ። ከዚያ መሐል አንዲት አለች፣ ዓመት ሆናት፤ «እንዳትረሳ!!!» ብቻ ትላለች። ምኑን እንደሆነ ሳስብ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት አለ።

እርግጥ ይሄ ሁሉ ኔትወርክ ሲኖር ነው። በሰሜኑ ጦርነት መብራቱም ስልኩም ለወራት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ የማንም ዕቅድ ከማንም አይለይም ነበር፤ ሌሊቱ በደኅና ይንጋ ነው። ኋላም በ2015 ሐምሌ ማለቂያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትሬሎዬ ከነካርዱ፣ ከነቀለሙ ደመና ላይ ቀረ። እማዬ ግን ጊዮርጊስን ለመድረስ ዳታ አላስፈለጋትም።

ባለፈው ጳጉሜን፣ 2018 ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጎረቤታችን መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓውደ ዓመት በማለዳ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ሊያውጁ ነውና ባሕረ ሐሳብ እያሰሉ ነው። እኔ ስልኬን አወጣሁ፣ እሳቸው አውራ ጣታቸውን በጣታቸው አንጓ ላይ አሳረፉ።

«2018ን 5500 ላይ ደምር።»

«7518።»

«በ19 ግደፈው። ስንት ተረፈ?»

«ቆይ... 13።»

«አንድ ንሣለት፤ ወንበር 12። በ11 አባዝተህ በ30 ግደፍ፤ አበቅቴ 12። ወንበሩን መልሰህ በ19 አባዛ፣ በ30 ግደፍ፤ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልመጡ ተሳስተሃል።»

እኔ ገና አሥራ ሁለትን በአሥራ አንድ እየነካካሁ ነው። እሳቸው ጨረሱት፦ መጥቅዕ መስከረም 18፣ እሑድ ይውላል፤ የእሑድ ተውሳክ 7፤ ድምሩ 25፣ መባጃ ሐመር። ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4። ኮምፒውተር የሚሉት ነገር ሳይታሰብ የተሠራ ስሌት ነው፤ ሊቃውንቱ ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ ይሰጡታል።

ለነገሩ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ መተግበሪያም ስልኬ ላይ ነበረ። ልደብቃቸው ብዬ ሳይሆን አፍሬ ዝም አልኩ፤ ኋላ አላስችል ብሎኝ 2018ን አስገብቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው መረመሩት። አንጓቸውን እንደገና ቆጠሩ።

«ደኅና ተማሪ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «የእኔም ስልክ ላይ ጫንልኝ።»

ጫንኩላቸው። በዚያው፣ «ለኪዳን የሚቀሰቅሰኝ ደወልም አድርግበት፤ አሥር ሰዓት» አሉኝ። አደረግሁ፤ 10፡00 ብዬ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ደወሉ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ኪዳን በዶሮው ደረስኩ» አሉ። «ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግን፣ ቅኔ እየነገርኩ ሳለ፣ ከኪሴ ውስጥ ጩኸቱን አቀለጠው። ተማሪዎቼ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹መሪጌታ፣ ስልክዎ አሁን ነቃ።›»