ሸህ ጀውሀር፣ ማስረጃዎን ያቅርቡ

ከሚሴ በትምህርት ወደ ኋላ ቀርታለች የሚል ካለ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ከባጃጁ ይውረድና ቀና ይበል። ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ አንድ ሹም ጥቁር ጋዋን ለብሰው፣ ዘርፋም ቆብ ደፍተው፣ ጥቅልል ወረቀት እንደ ዱላ ጨብጠው ቆመዋል። ከሥራቸው «እንኳን ለሁለተኛ ዲግሪዎ በሰላም አበቃዎ! የሥራ ባልደረቦችዎ» ይላል። ባልደረቦቹ ስንት ስንት ብር እንዳዋጡ፣ ያላዋጣውም ምን እንደሚደርስበት አይልም። የቆላው ፀሐይ ጋዋኑን እስኪያገረጣው ድረስ ባነሩ ይቆያል፤ እስከዚያው ሌላ ሹም ይመረቃል።

ይህን የሚያሽሟጥጡ ምቀኞች አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። ሌላው ዓለም ሰውን አስተምሮ ይሾማል፤ እኛ ሾመን እናስተምራለን። ልዩነቱ የቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ የእኛው ደግሞ የተሻለ ነው። ሳይሾሙ የሚማሩ ሰዎች የሚያዩትን አሳር እናውቃለን፤ የቤት ኪራይ አለ፣ የፎቶ ኮፒ ዕዳ አለ፣ ጠዋት ማታ ሽሮ አለ። ተሹሞ ለሚማር ግን ቅዳሜ ጠዋት መኪናው በር ላይ ይቆምለታል። የስምሪት ወረቀቱ ላይ «ለመስክ ሥራ» ተብሎ ይሞላል። አሳይመንቱን ጸሐፊዋ ትተይባለች፣ ሾፌሩ ያደርሳል፣ ሹሙ ስሙን ይጽፍበታል። በቀሪ ደብተሩ ቢሆን ኖሮ መመረቅ የነበረበት ሾፌሩ ነው፤ አንድም ቅዳሜ ሳይጎድል የተገኘው እሱ ብቻ ነውና።

በምረቃው ዕለት ሹሙ ማይክራፎን ይይዙና «ሳይማር ላስተማረኝ ሕዝብ ምስጋናዬ የላቀ ነው» ይላሉ። እዚህ ላይ ማንም እንዳይስቅ። ቃሉ እንዳለ እውነት ነው፤ ነዳጁ ከማን ኪስ ወጣና?

ጥናታዊ ጽሑፉስ? እሱም ቀላል ነው። በየከተማው የስልክ እንጨት ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት የሚለጥፉ ደጋግ ሰዎች አሉ። ማማከር ማለት ከርእሱ እስከ ማጣቀሻው ጽፎ፣ አስጠርዞ፣ የዲፌንሱን መልስ ሳይቀር አስጠንቶ ማስረከብ ነው። የሚረከቡት ዕቃ ባብዛኛው እንዲህ ነው። ርእሱ «የመልካም አስተዳደር ሚና በአርሶ አደሮች ኑሮ ላይ፤ በአርጡማ ፉርሲ ወረዳ» ይላል። ምዕራፍ አንድ ደህና ነው። ምዕራፍ ሁለት የሌላ ሰው ነው። ምዕራፍ ሦስት ላይ እንደ ወጉ 384 ሰዎች መጠይቅ ሞልተዋል። ምዕራፍ አራት ላይ ሲደረስ ግን የአርጡማ ፉርሲ ገበሬዎች ማሽላቸውን እርግፍ አድርገው ትተው እንሰት ይተክላሉ፣ ቆጮ ይፍቃሉ፣ ቆጯቸውንም ሰንበቴ ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ። ጥናቱ መጀመሪያ ሲዳማ ላይ የተሠራ ነበር። ኮምፒውተሩ የወረዳውን ስም በሞላ እንዲቀይር ታዘዘ፣ ቀየረ። እንሰቱን ቀይር ያለው ግን አልነበረም።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። የተጻፈለት ገበሬ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ልጁም በቁቤ ይማራል። ሹሙ ራሳቸውም ስብሰባ የሚመሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ጥናቱን ገበሬውም አያነበውም፣ ሹሙም አያነቡትም። በዚህ በኩል መሪና ተመሪ እኩል ሆነዋል፤ መልካም አስተዳደር የሚሉት ይህንን ከሆነ ርእሱ ተገቢ ነበር።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ካማረ የቀረን ውዝፉን ማጥራት ብቻ ነው። ያለ ዲግሪ የጻፉ፣ ያለ ዲግሪ ሕዝብ የመሩ ሰዎች በየታሪኩ ተሰግስገዋል። አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም፤ አበሉም ይታሰብለት።

ከቅርብ እንጀምር። ሾንኬ በደዋ ጨፋ ወረዳ ተራራ ላይ የተሠራች የአርጎባ መንደር ናት፤ ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው። ሸህ ጀውሀር ቢን ሐይደር የሚባሉ ዓሊም ከመቶ ዓመት በፊት እዚያ ሆነው አስተማሩ፣ ጻፉ፣ ደረሳ አፈሩ። የመንደሯን የእጅ ጽሑፎች የውጭ አገር ሊቃውንት ሳይቀሩ መጥተው አጥንተዋቸዋል። አሁን እኒህ ሰው ኮሚቴው ፊት ቢቀርቡ ምን ሊባሉ ነው? የትምህርት ደረጃ ሲባሉ ኪታቡን ከማን እንደተማሩት፣ ያም ሸህ ከማን እንደተማረው፣ ሰንሰለቱን ወደ ላይ ሊቆጥሩ ነው። ኢጃዛ ማለት ይህ ነው፤ ያስተማረህ ሰው ራሱ ሰምቶህ፣ ጠይቆህ፣ አርሞህ፣ ስሙን ከስምህ ጋር ያስራል። ብትቀላምድ የሚዋረደው እሱ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ ግን «አባባ፣ የዘር ሐረግ አልጠየቅንዎትም፤ ክሬዲት አወሩ ስንት ነው?» ብሎ ያቋርጣቸዋል። ደረሳው መንደር ለመንደር ለምኖ እየበላ ዓመታት የሚቀመጥበት ትምህርትማ ከሥራ ሰዓት ጋር አይሄድም። መኪናም ሾንኬ ተራራ ድረስ በደንብ አይወጣም።

ከሳቸው የባሱት ሸህ ጦልሃ ቢን ጀዕፈር ናቸው። እኚህ ሰው በሁለት ወንጀል ይከሰሳሉ፤ ያለ ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ በዐረብኛ ፊደል የአማርኛ ግጥም ጽፈዋል፣ ያለ ፖለቲካ ሳይንስ ዲግሪም ፖለቲካ ሠርተዋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ የሚል ውሳኔ ሲያወጡ፣ አሻፈረኝ ብለው ካመፁት መካከል ሸህ ጦልሃ ግንባር ቀደም ነበሩ። ግጥማቸው ዛሬም ይጠናል። የሚያጠኑት ደግሞ ባለ ዲግሪዎች ናቸው፤ እዚህ ላይ የአሠራር ክፍተት አለ።

ኮሚቴው ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወጣ ሲል ሥራው ይበዛበታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይዘው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ መጽሐፋቸውም በእጅ ጣት ተቆጥሮ አያልቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ ከጎጃም የቅኔ ቤት ወጥተው አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ገቡ፣ አርበኛ ሆኑ፣ ጣልያን አገር ታሰሩ፣ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆኑ፣ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳተሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የሰጣቸው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። መጽሐፉ ቀድሞ ዲግሪው ኋላ ሲመጣ ያየ ጸሐፊ ዛሬ ጥቂት ነው። ዛሬ ገጣሚው የጀርባ ሽፋኑን ሲያስነብብህ ሦስት መስመር ስለ ግጥሙ፣ አሥር መስመር ስለ ማስተርሱ ነው። ከውስጥ ያለው ስንኝ ቤት ባይመታም ሽፋኑ ላይ ያለው ማዕረግ ይመታል። የክብር ዶክትሬት የደረሰው ደግሞ «የክብር» የምትለዋን ቃል በሳምንቱ ይጥላትና «ዶ/ር» ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የፖለቲካ ሰዎቹ ዶሴ ነው ኮሚቴውን የሚያሳብደው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን በ1943 ዓ.ም. ከፈቱ፣ በ1954 ዓ.ም. ቤተ መንግሥታቸውን ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፣ በኮሌጅ ቀንም እየተገኙ የተማሪ ግጥም ሰሙ። ታምሩ ፈይሳ «ደኻው ይናገራል» ያለው እዚያ መድረክ ላይ ነው። ዲግሪ ሰጪው ንጉሥ ግጥም ተቀብለው ተመለሱ። በ1967 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከዙፋን ሲወርዱ መንገዱን ከጠረጉት መካከል እነዚሁ ያስተማሯቸው ልጆች ነበሩ።

ከነዚህ ልጆች አንዱ ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረው ዋለልኝ መኮንን ነው። ኅዳር 1962 ዓ.ም. በተማሪዎች መጽሔት ላይ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፋት ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ናት። አማካሪ አልፈረመባትም፣ 384 ሰው መጠይቅ አልሞላባትም። ሆኖም ከሚሴ ዛሬ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ተብላ የምትጠራው፣ ከጽሑፏ ከተነሣው ክርክር በወጣ ሥርዓት ነው። ክርክሩ ያመጣውን ትሩፋትም መዘዝም ይህች ከተማ ከማንም በላይ ታውቃለች። ዋለልኝ በ1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክር ተገደለ። ልብ በሉ፤ ዞኑን ያቆመ ክርክር የተጻፈው በቅድመ ምረቃ ተማሪ ነው፤ ዛሬ በዚያው ዞን አንድ ጽሕፈት ቤት ለመምራት ሁለተኛ ዲግሪ ከሌለህ ታፍራለህ።

የዚያ ትውልድ ነገር ሁሉ እንዲህ ነው። ኮሌጅ የገቡት ክርክር ሊማሩ ኖሯል፤ ወረቀቱን ብዙዎቹ አልጠበቁትም። አቶ መለስ ዜናዊ በ1967 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርታቸውን በሁለተኛው ዓመት ጥለው በረሃ ገቡ። አገር ከመሩ በኋላ ግን በእ.ኤ.አ. 1995 ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ በእ.ኤ.አ. 2004 ደግሞ ከሮተርዳሙ ኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ። ሰውየው ያነቡ እንደነበር ጠላታቸውም አይክድም። ከሥር ያለው ካድሬ የተማረው ግን ንባቡን አይደለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዲግሪ እንደሚገኝ ነው። አንድ ሰው በእንቅልፉ ሰዓት ያነበበውን፣ ሺው በስምሪት መኪና ሊደርስበት ተነሣ።

በነገራችን ላይ ኮሌጅን ጠላሁ አላልኩም። በዓሉ ግርማ አዲስ አበባም አሜሪካም ተምሯል፤ ጋዜጠኝነቱ ከየአንቀጹ ይታያል። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳትሞ ከሥራ ተባረረ፣ በዓመቱም ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ዲግሪው ሥራ ላይ ሲውል እንዲህ ያስከፍላል። የኛ ሹሞች ዲግሪ ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ ባለቤቱንም አስቆጥቶ አያውቅም።

የማለፍ መጠናቸውም የሚያስቀና ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆች ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ያን ዓመት ጦርነቱ በከሚሴ አልፏል፤ እዚህ ያለ ልጅ መድፍ እየሰማ ነው ለፈተና የተዘጋጀው። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ካምፓስ ከጨረሱት መካከል ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ታዲያ ሁለተኛ ዲግሪ ሲማር ወደቀ የተባለ ሹም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የደዌ ሃረዋ ወረዳ እረኛ ልጅ ወድቆ ወደ ፍየሎቹ ሲመለስ፣ ያለፉት ሹም የትምህርት ጥራት ላይ ስብሰባ ይመሩለታል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ቀጣዩ ባነር ሲሰቀል አትሳቁ፣ አትሳደቡ። ሹሙን በአክብሮት ቀርባችሁ፣ ጥናቱን ለከተማው ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ እንዲሰጡ፣ ከዚያም በገበያ ቀን ሰንበቴ ላይ ቆመው ምዕራፍ አራትን በአፋን ኦሮሞ ለገበሬው እንዲያስረዱ ጠይቋቸው። ገበሬው የእንሰቱን ጥያቄ ራሱ ያነሣዋል።