ፋብሪካው ሲቀይር ጥበብ፣ ባለቤቱ ሲቀይር ነውር?

«አሮጌ ቮልስዋገን ውስጥ የሱባሩ ሞተር መክተት መኪናውን መግደል ነው» የምትለው ወንድሜ፣ እስቲ ቁጭ በልና እንነጋገር። መኪናው ከነአልጋው፣ ከነምድጃው፣ ከነሚከፈተው ጣሪያው አጥር ጥግ ቆሞ ሣር ሲበቅልበት ለቅሶ አልደረስክም። ዛሬ ሞተር ተቀይሮለት ተነሥቶ ሲሄድ ነው ጥቁር ለብሰህ የምትመጣው?

የምናወራው አሜሪካኖች ቫናገን ስለሚሉት፣ ጀርመን ከ1979 ጀምሮ ስለሠራችው ባለሳጥን ቅርጽ መኪና ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዌስትፋሊያ የሚባለው ድርጅት ውስጡን አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ዕቃ ማጠቢያ ሠርቶለት ቤት አደረገው። ሞተሩ ከኋላ፣ ከፍራሹ ሥር ነው የሚተኛው። ሞተር ማየት የፈለገ መጀመሪያ አልጋ ያነሣል።

«ኦሪጅናሉን ምን ይወጣለታል?» ትለኛለህ። የትኛውን ኦሪጅናል? አሜሪካ ሲገባ በአየር የሚቀዘቅዝ 2 ሊትር ሞተር ነበረው። ፋብሪካው ቆየት ብሎ 50 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ያለው 1.6 ሊትር የናፍጣ ሞተር ከተተበት። በ1983 ደግሞ በውሃ የሚቀዘቅዝ 1.9 ሊትር አመጣ፣ እሱንም ወደ 2.1 አሳደገው። ደቡብ አፍሪካ፣ ዩተንሄግ ያለው ፋብሪካ ይህንኑ መኪና እስከ 2002 ሲሠራ ባለአምስት ሲሊንደር ሞተር ጭኖበታል። ፖርሽ እንኳ የ911 ካሬራን 3.2 ሊትር ሞተር ከቶ ቢ32 ብሎ ሰይሞታል። ብራዚልስ? ታላቅ ወንድሙን ኮምቢን ስትሠራ ኖራ፣ በ2005 መጨረሻ የአየር ሞተሩን አውልቃ በውሃ የሚቀዘቅዝ 1.4 አስገባችለት፤ አፍንጫው ላይ ራዲያተር ሰክታ እስከ 2013 አመረተችው። ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድም ቀን አልጮህክም። ጎረቤትህ ጋራዥ ውስጥ እጁን ግሪስ ሲነካው ነው ሃይማኖት የፈረሰብህ።

ሌላው ተራቢ ይነሣና «ለሽርሽር ነው የምትሄደው፤ ጉልበት ምን ይሠራልሃል?» ይላል። ይህን የሚለው ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ነው። ዴንቨር ያለውን አበሻ ጠይቀው። ከከተማው በአይ-70 ወደ ምዕራብ ሲወጡ የአይዘንሃወር ዋሻ የሚገኘው 3,400 ሜትር ግድም ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሲሶ የሚጠጋውን ያጣል። ባህር ዳርቻ ላይ 95 የፈረስ ጉልበት የነበረው 2.1 ሊትር ሞተር፣ ቤተሰብ፣ ውሃና ስንቅ ተጭኖበት ሁለት ቶን ያለፈ መኪና ይዞ ያን ዳገት ሲወጣ አስበው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያቃስታል። ሹፌሩ አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ በቀኝ ጥግ ይንፏቀቃል፤ ከኋላው ከባድ መኪና ጥሩምባ ይነፋበታል። ከኋላ ወንበር ልጆች ያሉበት ሰው ጉልበት የሚፈልገው ለጉራ አይደለም።

«ታዲያ ለምን ሱባሩ?» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይሄን ወድጄልሃለሁ። ምክንያቱም የሱባሩ ሞተርና በውሃ የሚቀዘቅዘው የቫናገን ሞተር አቀማመጣቸው አንድ ነው፦ አራት ሲሊንደር፣ ሁለቱ ወደ ግራ ሁለቱ ወደ ቀኝ ተኝተው። ከ1990ዎቹ የሱባሩ ሌጋሲ የሚወጣው 2.2 ሊትር ሞተር 130 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከፍራሹም ሥር ይገባል። የቀድሞው የውሃ ሞተር ዋና ሕመሙ የታወቀ ነው። ቴስታታው ዙሪያ ውሃውን የሚይዘው የላስቲክ መዝጊያ በዕድሜ ይደርቃል፣ አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ውሃው መንጠብጠብ ይጀምራል። ምጣድ ሲሰነጠቅ ምጣድ ይለወጣል እንጂ ማድ ቤት አይፈርስም።

አንድ አዛውንት ደግሞ «ልጄ፣ ሞተሩ የሌላ ከሆነ የመኪናው ስም ውሸት ነው» አሉኝ። ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ አገር ቤት ሳሉ የያዙትን ሊብሬ ያስታውሱ። የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ለየብቻ ተጽፈው የለ? መንግሥት ራሱ ሁለቱ ሊለያዩ እንደሚችሉ አውቆ ነው ለየብቻ የመዘገባቸው።

«ሕገወጥ ነው» ለሚለውም መልስ አለ። በጭስ ቁጥጥር አጥባቂ የሆነችው ካሊፎርኒያ እንኳ ትፈቅዳለች። የሚገባው ሞተር ዘመኑ ከመኪናው ያላረጀ ይሁን፣ የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹን አንድ ሳያስቀር ይዞ ይምጣ፣ የተመደበው መርማሪ አይቶ ይለፈው ነው የምትለው። ይህን አሟልቶ ያለፈ ሰው የማንንም ቡራኬ አይጠብቅም።

አሁን ፊቴን ወደ ቀያሪዎቹ ላዙር፤ እናንተም አታመልጡኝም። ደህና ቅያሪ ከምን እንደሚታወቅ ልንገራችሁ። ቫናገን ላይ የዘይት መለኪያው ያለው ከኋላ ታርጋው ጀርባ ነው፤ ታርጋውን ወደታች ታጥፈዋለህ፣ ዘይትህን ታያለህ። ልቡ ያለው መካኒክ የሱባሩን መለኪያ እዚያው ድረስ አስረዝሞ ያመጣዋል፣ ባለቤቱ ዘይት ባየ ቁጥር ፍራሽ እንዳያነሣ። የሱባሩ የዘይት ቋት ወደታች ስለሚንጠለጠል ቆርጦ ያሳጥረዋል፣ ድንጋይ እንዳያገኘው። ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያጋጥመውን ሳህን በልኩ ያሠራል። ሽቦውን አንድ በአንድ ለይቶ የማያስፈልገውን ያወጣል። ይህን ያላየሁበትን ሥራ እኔ ቅያሪ አልለውም።

«2.2 ምን አላት፣ የሱባሩን 3.3 ሊትር ባለስድስት ሲሊንደር ነው የምከትበት» የምትለው ጀግናስ፣ ካምቢዮውን አማክረኸዋል? ያ ባለአራት ማርሽ ካምቢዮ የተሠራው 100 ላልሞላ የፈረስ ጉልበት ነው። እጥፍ ስትጭንበት ጥርሱን ያራግፋል፤ ያኔ ዳገቱ ላይ የምትቀረው አንተ ነህ። ፍሬኑስ? ዳገት የሚያስወጣህ ሞተር ያንኑ ዳገት አያወርድህም።

ስለዚህ ገንዘብ የያዝክ ወንድሜ፣ ያሰብሽ እህቴ፣ ሞተር ከማዘዛችሁ በፊት መኪናው ሥር ግቡ። የፍሬን ቱቦውን፣ ከራዲያተሩ እስከ ኋላ ድረስ ወለሉ ሥር የሚሄዱትን የውሃ ቧንቧዎች፣ ከሁሉም በፊት የነዳጁን ጎማ እዩ፤ አርጅቶ የተሰነጠቀ የነዳጅ ጎማ መኪናውን ከነአልጋው ያቃጥለዋል። እሱን ቀይሩና ከዚያ ስለ ሞተር እናውራ።