ለእኔ ፈተና፣ ለጎረቤቴ ቅጣት

በዓለም ላይ ክፋት ለምን ኖረ ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ካለ፣ ሬጋን ኤርፖርት የታክሲ ተራ ብቅ ይበል። ባለታክሲው ወገናችን ደለስ ወይም ባልቲሞር የሚል ተሳፋሪ እንድትሰጠው እመብርሃንን ሲለማመን ያረፍዳል። ተራው ሲደርስ አንዱ ሻንጣውን እየጎተተ ይገባና «ክሪስታል ሲቲ» ይለዋል። ሆቴሉ እኮ ከዚያው ይታያል! ከኋላው ለነበረው ጓደኛው ባልቲሞር ይደርሰዋል። ማታ ቡና ላይ አንዱ «ፈተና ነው» ሲል፣ ሌላው «የልቤን አይቶ ነው» ይላል። ባለባልቲሞሩ ከፍጥነት ገደብ በላይ ሲነዳ ተይዞ ቲኬት ታቅፎ መመለሱ ሲሰማ ደግሞ ባለክሪስታል ሲቲው ፊቱ ይፈካል፦ «እሱ ሥራውን ያውቃል!»

ሒሳባችን ሁሌም እንዲህ ነው። ዲቪ ለእኛ ሲደርሰን የጸሎት መልስ ነው፤ ለጎረቤት ሲደርሰው ሎተሪ ይሆናል። መኪናችን ከተከለከለ ቦታ ሲጎተት ጥፋቱ የሰይጣን ነው። ምስኪን ሰይጣን፣ ምልክቱን ማንበብ ያቃተን እኛ፣ ተከሳሹ እሱ።

ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ግን በሐተታው እንደሚተርከው፣ በሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ገብቶ፣ ሰው ሰውን ሲበድል ፈጣሪ ለምን ዝም ይላል እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። (መጽሐፉን የጻፈው ማን ነው እያሉ ምሁራን ገና ይሟገታሉ።) ክሪስታል ሲቲም ከመሬት በታች መተላለፊያ አላት። እኛ የምንወርደው ግን ብርዱን ሽሽት ነው።

ለቅሶ ቤት ስንገባ ግን ሁላችንም መምህራን ነን። የኢዮብ ወዳጆች፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ መጽሐፉ እንደሚለው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ተቀምጠዋል። እኛ ሻዩ እስኪቀርብ እንኳ አንችልም። አንዱ «እግዜር የሚወደውን ነው የሚጠራው» ብሎ ሲያጽናና፣ ጥግ የተቀመጡ አንዲት እናት «እኔን ታዲያ ጠልቶኝ ነው ዘጠና ያስደፈነኝ?» ብለው ቤቱን ጸጥ አሰኙት።

ከዚያ ምርመራው ይቀጥላል። «ምን አሞት ነበር?» «ስኳር ነበረበት?» ነበረበት ከተባለ፣ ስኳር የሌለብን ቀና ብለን እንቀመጣለን። ግፊት ሲጨመር ደግሞ ግፊት የሌለብን ቆሎ እንዘግናለን። የሟቹን ጥፋት ካገኘንለት እኛ ተርፈናላ! እኔ ራሴ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ያጨስ ነበር እንዴ?» ብዬ ጠይቄ፣ «ኧረ ሲጋራ በእጁ ነክቶ አያውቅም» ሲሉኝ ከሐዘንተኛዋ ይበልጥ የደነገጥኩት እኔ ነበርኩ።

እነኤልፋዝ እንኳ ያንን ሁሉ ቀን ዝም ብለው፣ አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ስለተናገሩት ፈጣሪ ተቆጥቷቸው ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ አቅርቡ ተብለዋል። እኛ አንድ ካርቶን ውሃ ይዘን እንገባለን፤ እሱንም ኮስኮ ቅናሽ ሲያደርግ የገዛነውን።