ዘር ከገባበት ይመራል

አዲስ አበባ ውስጥ ጁስ ቤት የሚደምቀው በጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሙሉ፣ ከሥጋና ከወተት የራቀው ሁሉ ወደ አቦካዶ ይዞራል። በረመዳን ደግሞ ማግሪብ ሲቃረብ ጁሱ በላስቲክ ጠርሙስ እየተሞላ ወደየቤቱ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን ሳይታወጅ የሚጾመው በዝቷል። አንድ ብርጭቆ ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ በጁስ ቤቱ በር የሚያልፈው ሕዝብ ቀና ብሎ እንኳ አያይም፤ ዓይኑንም ጭምር ያስጾማል። እንዲህ መንፈሳዊ የሆንበት ዘመን ትዝ አይለኝም።

ታዲያ ማን ይጠጣል? ሆስፒታል በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ይገዛል፣ ግን እሱ አይጠጣውም። ከጂም የወጡ ወጣቶች አቦካዶ በሙዝ ያዛሉ። ፍቅረኞች አንድ ብርጭቆ ለሁለት ይይዛሉ፤ ፍቅር ነው ይላሉ፣ እኔ ሒሳብ ይመስለኛል። ሳይከፍል የሚጠጣም አለ። ለቁጥጥር የሚመጣው ሰውዬ ንጽሕናውን የሚያረጋግጠው በመቅመስ ነው፤ ጥንቁቅ ስለሆነ በአንድ ብርጭቆ አይረካም።

«ወፍራም ይሁን ቀጭን?» አለኝ የጁስ ቤቱ ልጅ።

«ዋጋው ይለያያል?»

«አንድ ነው ጋሼ። ቀጭን ከሆነ ግን ያው ውኃ ነው የሚጠጣው።»

ሆዴን አየሁና ወፍራም አዘዝኩ።

ይህ ልጅ በሙያው አንድ ሕግ አለው። አቦካዶውን ለሁለት ከፍሎ ዘሩን በቢላዋ አፍ መታ ያደርግና ጠምዝዞ ያወጣዋል። ፓፓያውን በቁመቱ ሰንጥቆ ጥቁሩን ዘር በማንኪያ እየጠረገ ባልዲ ውስጥ ይደፋዋል፤ አንድ እንኳ እንዳይቀር ጣቱን ሰዶ ይፈትሻል። «ምን እንዲህ አስጨነቀህ?» ብለው፣ ቀና ሳይል «ዘር ከገባበት ይመራል ጋሼ» አለኝ። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። እውነቱን ነዋ! ብሌንደሩ አንድ ስለሆነ የአንዱ ከመረረ የሌላውም መምረሩ አይቀርም። የገረመኝ ዘሩን ሳይቆጥር በጅምላ መድፋቱ ነው። እኔ በየቦታው ሲቆጠር ነው የማውቀው፤ ችግኝ ጣቢያ ማለቴ ነው።

አቦካዶ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው ይባላል፣ ጣልያን አገሪቱን ይዞ በነበረበት ጊዜ። ዛሬ የሲዳማ ጓሮ ያለ እሱ አይታሰብም። ይርጋለም ላይ ዘይቱ ተጨምቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ እኛም ቢሆን ዘይት አላጣንም፣ የሸማቾች ሰልፍ ላይ ስሙን እንሰማለን። ፍሬው ግን አንድ አስቸጋሪ ጠባይ አለው። ዛፉ ላይ እያለ አይበስልም። ወራት ይቆይ፣ ዝናብ ይውረድበት፣ ፀሐይ ይውጣበት፣ ላይ እስካለ ድረስ ድንጋይ ነው። ቢጨብጡት አይሰጥም፣ ቢያንኳኩት አይሰማም። መብሰል የሚጀምረው ከወረደ በኋላ ነው። በወረደ በሳምንቱማ ማን ብሎት! ይለሰልሳል፣ ለሕፃን አፍ ሳይቀር ይመቻል፣ ከሁሉም ጋር ይስማማል። ያ ከላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያየን የነበረው ነው ብሎ ማን ያምናል? ልባም ገበሬ ይህን ስለሚያውቅ በጊዜው ያወርደዋል። በጊዜው ያልወረደ ራሱ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ከሥር የቆመውን ይመታል።

ማንጎ ሌላ ጣጣ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ የታየች አንዲት ነጭ ተባይ አለች፤ ከውጭ በመጣ ችግኝ ሳትገባ አልቀረችም ይባላል። ቅጠሉ ላይ ተለጥፋ ውኃውን ትመጥጣለች። ከሩቅ ላያት ዛፉ ያበበ ይመስላል። በዚህም በዚያም የተረፈው ፍሬ ገና ዛፍ ላይ ሳለ ይሸጥና፣ በሌሊት በአይሱዙ ተጭኖ ሃይሌ ጋርመንት ገበያ ይራገፋል። ከዛፉ እስከ ብርጭቆው ድረስ የነካው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይጨምቀዋል። የማንጎው ባለቤት በስንት እንደተጠጣ ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ፤ እስካሁን የጠየቀው የለም።

ወደ ስፕሪሱ ልምጣ፤ የቤቱ ኩራት እሱ ነው። ከታች አረንጓዴው አቦካዶ፣ መሐል ቢጫው ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፤ ፓፓያው ላይ ቪምቶ ጠብ ሲልበት ደማቅ ቀይ ይሆናል። ቪምቶ እ.ኤ.አ. በ1908 ማንቸስተር ውስጥ የተፈጠረ መጠጥ ነው፤ ፍሬው የኛ፣ ማቅለሚያው የሰው። እነዚህን ቀለማት ከላይ ወደ ታች ሲያይ ያደገ ሰው ብርጭቆው የተገለበጠ ይመስለዋል። ሦስቱ ይነባበራሉ እንጂ አይዋሐዱም። ለፎቶ ግን እንዲህ የሚያምር ነገር የለም፤ ባለቤቱም ግድግዳው ላይ አስለጥፎታል።

አጠጣጡን ልብ በሉ። ስትሮው እስከ ታች ይሰምጥና መምጠጥ የሚጀምረው ከሥር ነው። አረንጓዴው እየተመጠጠ ሲያልቅ ቀዩ ንክች አይልም፤ ቪምቶውን እንደተቀባ ቁጭ ብሏል። የታችኛው በጎደለ ቁጥር እሱ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ አይቀንስም፤ ስለ ብርጭቆው ሪፖርት አቅርብ ቢባል «ሁሉም በነበረበት ነው» ቢል አልዋሸም። ድምፅ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው፣ ስትሮው አየር ስቦ ኩርርር ሲል። ያን ጊዜ የላዩም ታች ደርሷል።

ስለዚህ ስፕሪስ የምታዙ ሁሉ፣ ማንኪያ ጠይቁ። ማንኪያ ከላይ ነው የሚጀምረው። አስተናጋጁ ቢኮሳተርባችሁም ጠይቁ፤ ማንኪያ ላይ እስካሁን ቫት አልተጣለም።